ሃያ ግሥ ለመውጫ

ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ ያረጀ የሳሙና ካርቶን ቁራጭ አለ። ጀርባው ላይ በማስመሪያ የተሠመሩ ሦስት ዓምዶች አሉበት፤ ዛሬ፣ ትናንት፣ ነገ። ከሥራቸው ሃያ የእንግሊዝኛ ግሦች በሰማያዊ እስክሪብቶ ተደርድረዋል። ዎክ፣ ዎክድ፣ ዊል ዎክ። የጻፈችው እህቴ ዘይነብ ናት። ከሰባተኛ ክፍል ትምህርት እንድታቋርጥ ከተደረገች በኋላ የምታውቀውን ሁሉ ወደ እኔ ማሻገር ያዘች። ከአባታችን ሱቅ ጀርባ፣ አዲስ ጨርቅ በሚሸትባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጣቃ ላይ ተቀምጠን እሷ ካርቶኑን ትይዛለች፣ እኔ እላለሁ። ስሳሳት አትቆጣም። ጣቷን ወደ መጀመሪያው መስመር ትመልስና ዝም ብላ ትጠብቀኛለች።

አራተኛ ክፍል ስደርስ ሃያውንም በሦስቱም ጊዜ አውቃቸው ነበር። ትምህርት ቤታችን ከጭድ ተራ አይርቅም። የክፍላችን መስኮት በሽቦ ወንፊት የተወጠረ ስለነበር ብርሃኑ ተቆራርጦ ነው የሚገባው። የቆርቆሮው ጣሪያ እኩለ ቀን ሲቃረብ ይግላል፣ ከወፍጮ ቤት የሚመጣው የበርበሬ ብናኝ ያስነጥሰናል። የእንግሊዝኛ መምህራችን ደግሞ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የእሳቸው ከሆነ ሃያውን ግሥ በቃሉ ያላለ ወደ ቤቱ አይሄድም። እኔን በር ላይ አቆሙኝ። ልጆቹ ተራ በተራ ይመጣሉ፣ ይላሉ፣ እሰማለሁ። ያልተሳሳተውን ከፍቼ አስወጣዋለሁ፣ የተሳሳተውን ወደ ሰልፉ መጨረሻ እመልሰዋለሁ። ስሜን ትተው «በረኛው» ይሉኝ ጀመር። ደስ ብሎኝ ነበር። የበረኛ ተራ ከሁሉም በኋላ መሆኑን ግን አላሰብኩበትም።

ዘይነብ ኮምቦልቻ አክስታችን ዘንድ ልትኖር የምትሄድበት ቀን ደረሰ። መሄድ ትፈልግ እንደሆነ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እህል በረንዳ ጤፍ ያራገፈ አይሱዙ ሰባት ሰዓት ላይ ሲመለስ ይወስዳታል ተባለ። ጠዋት ደብተሬን ስታቀብለኝ ካርቶኑን መሃሉ ላይ ከተተችልኝና «ሳላይህ አልሄድም፤ ግን ሾፌሩ ችኩል ነው፣ አደራ እንዳታስቆየኝ» አለችኝ።

ስድስት ሰዓት ላይ ተደወለ። የሌሎቹ ክፍሎች ልጆች እየተንጫጩ ወጥተው ግቢው ጭር አለ። እኔ መቀርቀሪያውን ይዤ ቆሜያለሁ። ከውጭ የተሸካሚዎች ጩኸትና የመኪና ጥሩንባ ይሰማኛል፤ እያንዳንዱ ጥሩንባ የእሷ መኪና ይመስለኛል። አንዱ ሲወጣ ሁለቱ ይመለሱብኛል። ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የጎረቤታችን ልጅ ከድር ብቻ ቀረ።

ከድር እንደ ጥይት አንበለበለው። እኔ እጄን ወደ ኋላዬ አድርጌ በጣቶቼ እቆጥራለሁ። አሥራ ዘጠኝ።

«አንድ ጎድሏል» አልኩት።

«ወላሂ ሃያ ነው ያልኩት። ደግሞ ማን ይቆጥራል?»

«እኔ።»

እንደገና አለው፣ አሁንም አንድ ዘለለ። ሦስተኛው ላይም እንደዚያው። ላቡ በግንባሩ ላይ እየወረደ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «አንተ፣ ዛሬ አይደል እንዴ እህትህ የምትሄደው? አሳልፈኝና አብረን እንሩጥ» አለኝ።

ዞሬ መምህሩን አየኋቸው። ደብተር እያረሙ ነው፤ ቀና እንኳን አላሉም። መቀርቀሪያውን መሳብ ብቻ ነበር የቀረኝ። እጄ ግን አልታዘዘኝም። ፈርቼ ነው እንዳልል መምህሩን አልፈራቸውም ነበር። ዘይነብ ያስተማረችኝ ሃያ ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ መክፈት አቃተኝ።

«እንደገና ጀምር» አልኩት።

በአራተኛው ሃያ ሞላ። የራሴን ለመምህሩ እንዴት እንዳልኩት አላስታውስም። በሸክምና በጋሪ መሃል እየተሽሎከሎክሁ እህል በረንዳ ስደርስ መኪናው የቆመበት ቦታ ባዶ ነበር። መሬቱ ላይ የጤፍ ብናኝ አለ፣ በብናኙ ላይ ደግሞ የጎማ ዱካ። ጆንያ የሚያጥፍ አንድ ተሸካሚ አየኝና «ልጅቷ ወርዳ መንገዱ ላይ ቆማ ነበር። ሾፌሩ ሁለቴ ጥሩንባ ነፋባት» አለኝ።

ዛሬ ያ ክፍል ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቆሟል። ከድር ሶማሌ ተራ ሱቅ አለው፤ ባገኘኝ ቁጥር «በረኛው፣ ዛሬስ ታሳልፈኛለህ?» እያለ ይስቃል። እኔ በሃያዎቹ ግሦች ላይ ከመዝገበ ቃላት የራሴን እየጨመርኩ፣ ማንም ሳያስተምረኝ፣ የአስመጪዎችን ወረቀት ለመተርጎም በቃሁ። እነሱ የሚወዱልኝ አንድም ቃል የማልዘል መሆኔን ነው። ዘይነብ እዚያው ኮምቦልቻ ተድራ ወልዳለች። በስልክ እንነጋገራለን፤ ያን ቀን ለምን እንደቀረሁ ግን አንድም ጊዜ ጠይቃኝ አታውቅም።

በቀደም ደወለችልኝ። ልጇ አራተኛ ክፍል ገብታ እነዚያኑ ሃያ ግሦች እየተማረች ነው፤ ለአጎቷ ልታሰማ ፈልጋለች። ልጅቷ ስልኩን ተቀብላ በቀጭን ድምፅ ጀመረች። ሳላስበው ተነስቼ ቆምኩ፣ እጄንም ወደ ኋላዬ አደረግሁ። ስትጨርስ ጣቶቼ አሥራ ዘጠኝ ላይ ነበሩ። ፍርዴን ስትጠብቅ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ጎበዝ፣ ጨርሰሻል። ሂጂ ተጫወቺ» አልኳት።

ስትሮጥ፣ በሩም ሲከፈት ሰማሁ። ዘይነብ ስልኩን ወሰደች።

«አንድ ዘለለች እኮ» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኳት። ከዚያ ያን ቀን ስለጠበቅሁት በር ነገርኳት።