ጨረቃ ላይ ካሜራ የያዘው ሰው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ መኳንንት ካሜራ አላስነኩኝም። ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አንድ ፎቶግራፍ ፊት አቆሙኝና «አንሺው የት አለ?» አሉኝ።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ አባቴ ደጅ ጠንተው ደባርቅ ከሚገኘው ፎቶ ቤት አስቀጠሩኝ። ጋሽ መኳንንት የቤቱ ባለቤት፣ አንሺ፣ አጣቢ፣ ገንዘብ ተቀባይና ጠራጊ ነበሩ። እኔ ስገባ የቀነሰላቸው መጥረጉ ብቻ ነው።

ፎቶግራፉ ከመጽሔት የተቀደደ ገጽ ነው። እንደ ፍራሽ የወፈረ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው ጨረቃ ላይ ቆሟል። ፊቱ አይታይም፤ ፊቱን የሸፈነው መስታወት ብቻ ያበራል።

«አንሺውማ ካሜራው ጀርባ ነዋ» አልኳቸው።

«እሱን ማንም ያውቃል። እዚሁ ፎቶው ውስጥ አለ። ባለሙያ ስትሆኚ ታገኚዋለሽ፤ እስከዚያ ግቢውን ጥረጊ።»

ጋሽ መኳንንት ስለ ጠፈርተኞች ሲያወሩ ስለ ሮኬቱ ትንፍሽ አይሉም። መብረርማ አሞራም ይበራል ይላሉ። እሳቸውን የሚደንቃቸው ሌላ ነው። ሰዎቹ ያን ሁሉ መንገድ ሄደው፣ ጣት በማያሳጥፍ ጓንት፣ ደረታቸው ላይ በተሰካ ካሜራ፣ በዓይናቸው እንኳ ሳያዩበት አነጣጥረው ጥርት ያለ ፎቶ ይዘው ተመልሰዋል። «እኔ ደንበኛ ቢያስነጥስብኝ ድጋሚ አነሳለሁ» ይሉ ነበር። «እነሱ ቢበላሽባቸው ማን መልሶ ይወስዳቸዋል?»

ደንበኛው ግን ሁሉም አያምንም። አንድ ቀን ከአምባራስ የመጡ ቄስ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ገብተው ገጹን አዩት።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጨረቃ ላይ የወጣ ሰው ነው፣ አባቴ» አሉ ጋሽ መኳንንት።

«እኛ በባሕረ ሐሳብ ስንቆጥራት የኖርነውን ጨረቃ፣ እነሱ ሄደው ረገጧት ነው የምትለኝ?»

«ፎቶው ይኸውና፣ አባቴ።»

ቄሱ ጠጋ ብለው ከላይ እስከ ታች አዩት። «እሺ፣ ወጥተዋል እንበል። ይበርዳል?»

«ልብሱን አይተው ይፍረዱ።»

«ይህማ እኛም አገር ይለበሳል» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ለመታወቂያ ፎቶ ፈገግ ያሉ ቄስ ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

የእኔ ትምህርትም ከጨረቃ አልራቀም። ጋሽ መኳንንት ለፈረንጅ የሚሸጠውን ወፍራም የበግ ጠጉር ጓንት ከገበያ ገዝተው መጡ። ጓንቱን አጥልቄ፣ ዓይኔን በሻሽ ታስሬ፣ ካሜራ ላይ ፊልም መጫን ነበረብኝ። የፊልሙን ወረቀት ጫፍ ባዶው መጠቅለያ ስንጥቅ ውስጥ አስገብቶ፣ ወጠር አድርጎ አዙሮ ክዳኑን መግጠም ነው። ሲነግሩት ቀላል ነው። ፊልሙ ተተርትሮ እግሬ ሥር ሲወርድ ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ በጓዳው በር ብቅ ይላሉ።

«አንተ ሰው፣ ልጅቷን ልታሳብዳት ነው?»

«ጨረቃ ልልካት ነው።»

«እሷ ከሄደች ግቢውን ማን ሊጠርግልህ ነው?»

ጥቅሙን ያየሁት በጥምቀት ነው። የደባርቅ የጥር ማለዳ ጣት ይቆርጣል። ታቦታቱ ሲነሱ ከጎንደር የመጣው አንሺ ፊልሙ አልቆበት ጣቱን አፉ ውስጥ ከቶ ያሞቃል። እኔ ጓንቴን ሳላወልቅ ቀይሬ ማንሳቴን ቀጠልኩ። ጋሽ መኳንንት ከሕዝቡ መሃል «ጨረቃ!» ብለው ጮሁ። ከዚያ ወዲያ የሺ የሚለውን ስሜን የሚጠሩት ቤተሰቤና እትዬ ዘውዴ ብቻ ሆኑ።

አንሺውን ያገኘሁት በዚያው ሰሞን ነው። ነጌቲቭ የምናይበትን ማጉያ አንስቼ ገጹ ላይ አስጠጋሁት። የቆመው ሰው ፊት ላይ ባለው መስታወት ውስጥ ሌላ ሰው አለ። ነጭ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ከወዲህ ቆሞ ፎቶ እያነሳ ነው። እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

«በይ ከነገ ጀምሮ ለደንበኛም ካሜራ ያዢ» አሉኝ ጋሽ መኳንንት ሳሳያቸው። ገጹን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ጨረቃን መጀመሪያ የረገጣት ይሄ መስታወቱ ውስጥ ያለው ነው። ካሜራውን አብዛኛውን ጊዜ የያዘውም እሱ ነበርና ከዚያ ሁሉ ፎቶ ውስጥ ራሱ ደኅና አድርጎ የወጣበት የለም ማለት ይቻላል። ሙያ ይሉሻል ይሄ ነው!»

እሳቸውም ይህንኑ ሃይማኖት አድርገው ያዙት። ካሜራ ወደ እሳቸው ከዞረ መጋረጃ ያስተካክላሉ፣ ውሃ ይጠማቸዋል፣ ብቻ አይገኙም። «ባለካሜራ ከካሜራ ፊት ምን ይሠራል?» ነው መልሳቸው።

የቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ የግድ ሲሆን ግን ግቢው ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀመጡልኝ። ተቀመጡ ማለት እንዲያው ለወጉ ነው። «መጋረጃው ተጨማዷል» ብለው ይነሳሉ፤ «ካሜራው ዘመመ» ብለው ይነሳሉ። በመጨረሻ ቁልፉን ስጫነው «ቆይ! ደመና መጣ» ብለው ዞሩ። ታጥቦ ሲወጣ ኮት ነው፣ ከኮቱ በላይ ጭጋግ ነው። ድጋሚ ላንሳዎት ብላቸው ፊልም አይባክንም አሉ። የቀበሌው ጸሐፊ ፎቶውን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ «ጋሽ መኳንንትን የማያውቅ ማን አለ?» ብሎ ማኅተሙን አሳረፈበት።

ቤታችን ለደንበኛ የሚያውሰው ኮት፣ ክራቫትና ጥቁር መነጽር ነበረው። ሦስቱም አንድ ሚስማር ላይ ይሰቀላሉ። በገበያ ቀን ጎረምሳው ሁሉ ለመነጽሩ ይሰለፋል። የምናነሳው ግቢ ውስጥ በፀሐይ ብርሃን ስለሆነ፣ መነጽሩ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ያሳያል፤ ካሜራውን ከነመቆሚያው፣ አንሺውን ከነጫማው። ለጋሽ መኳንንት ይህ ነውር ነው። ስለዚህ መነጽር ያደረገ ሁሉ «አገጭህን ዝቅ!» ይባላል። አገጭ ዝቅ ሲል መነጽሩ መሬቱን ብቻ ያሳያል።

ደርሶ ብቻ እንቢ አለ። ደርሶ የጎንደር አውቶቡስ ረዳት ነበር፤ ኩራቱ ግን የባለቤቱን ያህል ነው።

«ምን ሰርቄ ነው አንገቴን የምደፋው?» አለ።

«አንገት ድፋ አላልኩህም፤ አገጭህን አልኩ።»

«ለእኔ አንድ ነው።»

ውጭ አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። ጋሽ መኳንንት ተበሳጭተው ከካሜራው ጎን ቀና አሉ፤ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው «ቀጥ በል እንግዲያ!» ብለው ጮሁበትና ቁልፉን ተጫኑ። ደርሶ ኮቱን ወርውሮ ሮጠ። ማታ ፊልሙ ሲታጠብ ነጌቲቩን በብርሃን አዩትና «ዶለኝ! ይሄ ባለጌ መነጽሩ ውስጥ ዶለኝ!» አሉ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ሊጥሉት ቃጥቷቸው ነበር፤ ነጌቲቭ መጣልን የከለከሉት ራሳቸው ስለሆኑ ግን እያጉረመረሙ ካርቶኑ ውስጥ ከተቱት። ደርሶ ፎቶውን ወደደው፤ ድጋሚ ተነሳ ቢባል አሻፈረኝ አለ።

ዓመታት ሄዱ። ዲጂታል ካሜራ መጣና ፎቶ የምናጥብበት ጨለማ ክፍላችን የከሰልና የሽንኩርት ማስቀመጫ ሆነ። ጋሽ መኳንንት ቤቱን ለእኔ ለቀው በር ላይ ወንበር አወጡ። እዚያ ተቀምጠው መንገደኛውን «ኮሌታህን አስተካክል» ይሉታል።

በአንድ ክረምት አረፉ። አባቴን ያጣሁ ያህል ከፋኝ።

በእኛ አገር ለቅሶ ላይ ከድንኳኑ ፊት የሟቹ ፎቶ በትልቁ ይቀመጣል። ደባርቅና ዳባት ውስጥ በየለቅሶው የተቀመጠው ፎቶ አብዛኛው የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። የእሳቸው ድንኳን ፊት ግን የነበረው ባዶ ጠረጴዛ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ይገባና ፎቶውን በዓይኑ ይፈልጋል። ሞባይል ገና በየሰው ኪስ አልገባም ነበር።

እትዬ ዘውዴ በሦስተኛው ቀን አስጠሩኝ። መታወቂያውን አውጥተው አሳዩኝ፤ ኮትና ጭጋግ።

«የሠርጋችሁስ ፎቶ?» አልኩ።

«በሠርጋችን ቀን እኔን ነው ያነሳኝ። ሙሽራው የት ነው ቢሉ ካሜራው ኋላ ነበር» አሉና ሳቅ አመለጣቸው። ሳቁ ወዲያው ለቅሶ ሆነ። «የሺ፣ ያገሩን ሰው ሁሉ አንስቶ እሱ እንዴት መልክ ያጣል? የልጅ ልጆቼ ሲያድጉ አያታችሁ ይሄ ነው ብዬ ምን ላሳያቸው? ለአርባው ፈልጊልኝ። ከየትም ብለሽ ፈልጊልኝ።»

እሺ አልኩ። ከየት እንደማመጣው ግን አላውቅም። ፎቶ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። የጨረቃው ገጽ ቢጫ ሆኖ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። አንሺው የት አለ? የመጀመሪያ ቀን ጥያቄዬ ነው። መስታወቱ ውስጥ ያለውን ትንሽ ሰውዬ ሳየው ደርሶ ትዝ አለኝ፤ ከመቀመጫዬ ዘልዬ ተነሳሁ።

ደርሶ ያኔ በዚያው መሥመር ሾፌር ሆኗል። መናኸሪያ ሄጄ ያዝኩት።

«ያ የመነጽሩ ፎቶህ አለ?»

«ለአንዲት የዳባት ልጅ ሰጥቻት፣ እሷ ከነፎቶው ሌላ ሰው አገባች። ምነው?»

ነገርኩት። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። «ምን ላምጣ?» አለኝ።

የፎቶ ማጠቢያ ዱቄትና የማተሚያ ወረቀት እንዲያመጣ ወደ ጎንደር ላክሁት። እኔ ካርቶኖቹን ዘረገፍኩ። ነጌቲቭ በነጌቲቭ፣ መስኮት ላይ እያስጠጋሁ፣ ግማሽ ደባርቅን በጥቁር ፊት አየሁት። መነጽር ያደረገ ጎረምሳ መዓት ነው፤ ሁሉም አገጩን ዝቅ አድርጓል፤ ሁሉም መነጽር ውስጥ መሬት ነው። ጋሽ መኳንንት ሥራቸውን አጥብቀው ሠርተዋል! ተስፋ ልቆርጥ ስል አንድ አገጩን የቀሰረ ሰው ወጣ።

ደርሶ ከአንድ የጎንደር ሽማግሌ አንሺ ያገኘው ወረቀት ጊዜው ያለፈበት ጥቂት ቅጠል ነው። ሽንኩርቱን አስወጥቼ ማጉያ መሣሪያውን ጠረግኩት። መነጽሩ ብቻ እንዲሰፋ የመሣሪያው የተለመደ ቁመት አይበቃም፤ ስለዚህ የመሣሪያውን ራስ ከጠረጴዛው ውጭ አዙሬ ብርሃኑን ወለሉ ላይ ጣልኩት። እንዳይወድቅ በድንጋይ አስደገፍኩት። የመጀመሪያው ወረቀት ጠቆረ። ሁለተኛውም ጠቆረ። እትዬ ዘውዴ ከጎኔ ቆመዋል፤ ባላቸው ፎቶ ሲያትሙ ወደዚያ ክፍል ገብተው አያውቁም።

ሦስተኛውን ማጠቢያው ውሃ ውስጥ ከተትኩት። በቀዩ አምፖል ሥር ጥቂት ቆየና አንድ ነገር ወጣ፤ ወደ ላይ የተነሳ እጅ ነው። ቀጥሎ ትከሻ፣ ከዚያ ፊት። እንደ ጤፍ የተበተነ ነጠብጣብ ነው፤ ግን ቁጣው ሳይቀር አለ።

«እሱ ነው!» አሉ እትዬ ዘውዴ። ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ። «እይው፣ ዛሬም ሰው ያዛል!»

በአርባው ያ ፎቶ ከድንኳኑ ፊት ተቀመጠ። ክብ መስታወት ውስጥ አንድ ሰው እጁን አንስቶ ቆሟል። ደርሶ ለገባ ሁሉ «መነጽሩ ያለው እኔ ፊት ላይ ነው» እያለ ሲያስጎበኝ ዋለ። እኒያ የአምባራሱ ቄስ አርጅተው በምርኩዝ መጥተው ነበር። ፎቶውን ብዙ አዩት። «ልጄ፣ ያን ጊዜ ጨረቃ ላይ ያየሁት ሰውዬ መኳንንት ነበር እንዴ?» አሉኝ። እየቀለዱ ይሁን ከልባቸው አልገባኝም፤ ያለቀስኩት ግን ያኔ ነው።

ጠፈርተኞቹን እኔም አደንቃቸዋለሁ። የጋሽ መኳንንትን ገጽ ፍሬም አስገብቼ ያኔ በነበረበት ግድግዳ ሰቅዬዋለሁ። እሳቸው የሚያደንቁት ራሱን ያላነሳውን ሰው ነበር። እኔ ደግሞ ፊት ለፊቱ ቀጥ ብሎ የቆመለትን ጓደኛውን አብልጬ አደንቃለሁ። እሱ ባይኖር ያኛው በዚያ ፎቶ ውስጥ ባልተረፈም ነበር።

ፎቶ ቤት ለከፈታችሁ፣ በስልክም ለምታነሱ የሙያ ልጆቼ የምላችሁ ይህንን ነው። አልፎ አልፎ ካሜራውን ለሌላ ሰው ስጡና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። መጋረጃው ቢጨማደድም አትነሱ።