የቴሌቪዥኑ መርዘኛ

ዌንደል ክራትዝ በበርባንክ ከተማ ለዓመታት የኖረው ሬሳ እየሆነ ነው። በየሳምንቱ በሚተላለፈው የወንጀል ድራማ ምንጣፍ ላይ የሚዘረረውም፣ መዋኛ ገንዳ ላይ የሚንሳፈፈውም እሱ ነበር። ትንፋሽ መያዝ ይችልበታል። የሚናገረው ግን ሰጥተውት አያውቁም።

እ.ኤ.አ. በ1957 አንዱ ተዋናይ ታመመና አዘጋጁ ዌንደልን ከወለሉ አስነሳው። ሚስቱን በሎሚ ጭማቂ ሊመርዝ ሲል ብርጭቆ ተምታቶበት ራሱ ጠጥቶ የሚሞት ባል ሆኖ ተጫወተ። ሲሞት እንደሆነ ማንም አይስተካከለውም።

ድራማው በታየ በሳምንቱ ሣር ሲያጭድ ጎረቤቱ ኦፓል ስትራውድ አጥሩን ተደግፋ ጠራችው።

«ዌንደል፣ ሎሚው ውስጥ የጨመርከው ምን ነበር?»

«ስኳር።»

«ተው እንጂ! ለማንም አልናገርም እኮ።»

«እውነቴን ነው፣ ስኳር ነው።»

ኦፓል ቅር ብሏት ገባች።

ዌንደል ነገሩ ሲከነክነው ሰንብቶ ባሏን ክላይድን ፍለጋ ጋራዡ ድረስ ሄደ።

«ክላይድ፣ ለመናገርም ይከብዳል። ሚስትህ ስለ መርዝ ጠየቀችኝ።»

ክላይድ መፍቻውን አስቀመጠ። «ምን አልካት?»

«ስኳር ነው አልኳት።»

«ጎሽ! በል አሁን ለኔ እውነቱን ንገረኝ።»

ዌንደል ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለሎሬይን ነገራት። «ለፖሊስ እንንገር ይሆን?»

«የሚይዙት አንተን ነው» አለች ሎሬይን ሸሚዙን እየተኮሰች። «ስትመርዝ አገር አይቶሃል።»

ብዙም ሳይቆይ ስትራውዶች ለጋብቻቸው በዓል እራት ጠሯቸው። እምቢ ማለት ነውር ሆነባቸውና ሄዱ። ኦፓል ጥብሱን አቀረበች፤ ክላይድ መጠጡን ቀዳ። ማንም እጁን አልዘረጋም።

«ብላ እንጂ ክላይድ፣ ይቀዘቅዛል።»

«አንቺ መጀመሪያ ጉሮሮሽን አርጥቢ፣ የኔ ማር።»

«ኧረ እንግዳ እያለ!»

ሁለቱም ወደ ዌንደል ዞሩ። ዌንደል ሎሬይንን አየ፤ ሎሬይን ጣሪያውን አየች። ከጥብሱ ጎረሰ፣ ከመጠጡም ተጎነጨ። አፍ አፉን እያዩ ጠበቁት።

«ጨው ያንሰዋል» አለ ዌንደል።

ይሄኔ ባልና ሚስቱ ተንፈስ ብለው መብላት ጀመሩ።

ስትራውዶች ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን በትዳር ኖሩ። በየበዓሉ ዌንደልን ሳይጠሩ ማዕድ አይቀርቡም ነበር። ከተማው ግን ወዳጅነታቸውን እያየ ይቀና ነበር።