ዓሣ የማይነካው የማን ዕቃ ነው?

ወንድሜ ሲሞት የሰዎች ምሳ ዕቃ እኛ ቤት ቀረ።

ሐይቁ ዳር ሳምቡሳ ነበር የሚሸጠው፤ የዓሣና የምስር። በፌስታል አይሰጥም። ደንበኞቹ የአካባቢው የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። ማታ ባዶ ዕቃቸውን ይተውለታል። ጠዋት በቴሌግራም ግሩፑ ያዝዙታል፤ ለምሳ ሞልቶ ይጠብቃቸዋል። ውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ፌስታል ሲያይ «የእኔ የለበትም» ይል ነበር። ሲል ትንሽ ይኮራል።

ሕመሙ ድንገተኛ ነበር። ከለቅሶው በኋላ ሥራውን ልቀጥል ብዬ ተነሣሁ። ረቡዕ ነው፤ ጾም። የወንድሜን ስልክ ከፈትሁ።

«አንተ፣ የት ጠፋህ? ሳትጠራን አገባህ እንዴ? በል፣ እንደ ወትሮው አድርግልኝ» ይላል አንዱ። ሌሎቹ ይሥቃሉ። «እኔም እንደ ወትሮው» ይላሉ።

አልሰሙም።

እንደ ወትሮው ምን እንደሆነ አላውቅም። በጾም ዓሣ የሚበላ አለ። ዓሣም ፍስክ ነው የሚል አለ። ወንድሜ ለሁለቱ ሁለት መጥበሻ፣ ሁለት ዘይት ነበረው፤ ጭልፋ እንኳ አያቀላቅልም። ዕቃዎቹን ግን በዓይኑ ነበር የሚለያቸው። ለጾመኛ ዓሣ ብሰጠውስ? ሰው ያመነው እሱን ነው። በአንድ ቀን ላበላሽበት ነው?

እናቴን ጠየቅኋት።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ እሱን ጠይ...» አለች።

ክዳናቸውን እየከፈትሁ አሸተትሁ። ሁሉም ሳሙና ሳሙና ይላሉ። አጥቦ ነው የተኛው። ሁሉንም ምስር እንዳላደርገው ዓሣው ተገዝቷል፤ ለነገ አያድርም።

ደንበኞቹን መጠየቅ ነበረብኝ። ለመጠየቅ ደግሞ መሞቱን መጻፍ። እስከዚያ ቀን ቃሉን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለዘመድ አዝማድ የነገሩት ጎረቤቶች ናቸው። ጻፍሁ፣ አጠፋሁ። እንደገና ጻፍሁ።

«ታናሽ ወንድሙ ነኝ። እሱ አርፏል። ሥራውን እኔ ይዣለሁ። እባካችሁ፣ ዓሣ የማይነካው የማን ዕቃ ነው?»

ላክሁት። ከላይ ያለው ፎቶ የእሱ ነው፤ እሱ ራሱ ሞቻለሁ ያለ መሰለኝ። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥሁ። ደግሞ አነሣሁት። ሁሉም አይተውታል።

በመጨረሻ ያ ቀልደኛው ጻፈ።

«ይቅር በለኝ ወንድሜ። ነፍስ ይማር። የእኔ ሰማያዊ ክዳን ያለው ነው። ምስር።»

ሰማያዊውን አንሥቼ ለብቻው አስቀመጥሁት። ሌሎቹ እስኪመልሱ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርሁ።