ከላሚቱ ጋር በአንድ ወረቀት

ከልጄ አባት ጋር ስንፋታ፣ ከደባርቅ ወዲያ ባለው አገራችን ሽማግሌዎች ተቀምጠው አካፈሉን። በሬው ለእሱ፣ ላሚቱ ለእኔ፤ ልጅቱ ነፍስ እስክታውቅ ከእኔ ጋር፣ ከዚያ ለአባቷ። አንዱ ጽፎ አነበበልን፣ እኔም አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምሁ። ከሁለተኛ ክፍል ያላለፍሁ ሰው ነኝ፤ አሻራዬ ካረፈበት ሕግ ነው ብዬ አመንሁ።

ጎንደር ገብቼ ፀዳ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየሁ፤ ለማራኪ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተማሪዎች ልብስ እያጠብሁ አሳደግኋት። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ ያባቷ ታላቅ ወንድም ማር ይዞ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። ሸጋ ዲያቆን እንዳገኙላት ነገረኝ። ዲያቆኑ ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል ማግባት አለበት፤ በእኛ አገር ለዚህ ሲባል ትንሽ ልጅ ትፈለጋለች። ከፋሲካ በኋላ እወስዳታለሁ፣ አሰናጃት ብሎኝ ሄደ። እምቢ ማለት አቃተኝ። አሻራዬ አለበታ።

ጾሙን ሙሉ እህል አልወርድ አለኝ። እምቢ ብል ፖሊስ የሚይዘው እኔን መሰለኝ። ልብስ የማጥብላት አንዲት ተማሪ ብትመክረኝ፣ አራዳ ሰፈር ነጻ የሕግ ምክር ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄድሁ። ወረቀቱን ከነጠላዬ ጫፍ ፈትቼ ለሕግ ባለሙያዋ ሰጠኋት። እያነበበች ፈገግ አለች፣ ወዲያው ደግሞ ፊቷ ተለወጠ።

«እናቴ፣ ይሄ ለላሚቱ ይሠራ ይሆናል። ልጅ ግን ከከብት ጋር አትከፋፈልም።»

አስራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት እናትና አባት ቢስማሙም መዳር ክልክል እንደሆነ፣ ከማን ጋር ትኑር የሚለውንም ፍርድ ቤት ለልጅቱ የሚበጀውን አይቶ እንደሚወስን አስረዳችኝ። በግድ ሊወስዷት ቢመጡ ለፖሊስ የማመለክተው እኔው ነኝ። እፎይ ልል ስል፣ ልጅቱ አባቷን የማየት መብት አላት ብላ ጨመረች። ያችን ነገር እንዳልሰማሁ ሆንሁ። ስነሳ፣ ልጅቱንስ ራሷን ጠይቀዋታል አለችኝ። አልጠየቅኋትም ነበር።

ቤት ገብቼ ሁሉንም ለልጄ ነገርኋት። አጎቴ ሲመጣ እኔም ልቀመጥ አለች።

አጎቷ ሲመጣ እጁን አስታጠበችውና አጠገቤ ተቀመጠች።

«አያ፣ ልጅቱን አልሰጥም» አልሁ። «ላሚቱን ከፈለጋችሁ ውሰዱ።»

«ላሚቱማ ከሞተች ስንት ዘመኗ» አለና ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ኮስተር ብሎ «ምነው፣ አሻራሽ አይደል?» አለኝ።

ልጄ ቀደመችኝ። «የእኔ አሻራ የለበትም፣ አጎቴ። አላገባም። አባቴን ግን ማየት እፈልጋለሁ፤ ናፍቆኛል።»

ናፍቆኛል ስትል ሰምቻት አላውቅም። አጎቷ ለአባቷ ምን ልበለው ብሎ ጠየቀ፣ እኔን ሳይሆን እሷን።

ትምህርት ሲዘጋ አባቷ መጣ። እነሱ ውስጥ ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ ደጅ ልብስ አጥብ ነበር፤ ሳቋ ይሰማኛል። በሩን ግን እንዲዘጉት አልፈቀድሁም።