የእትዬ ብርቄ ድፎ

ዛሬ ሆሎዌይ ካለው ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ስገባ የድፎ ዳቦ ሽታ ተቀበለኝ። እትዬ ብርቄ የልጃቸውን ሙት ዓመት ዳቦ እያደሉ ነው።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ለንደን የገባን ሰሞን፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ አዳራሽ ከአባባ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አባባ አገሩ ሁሉ አንድ ጣቢያ ብቻ በሚያይበት ዘመን የቴሌቪዥን ኃላፊ ነበሩ። የማታው የሁለት ሰዓት ዜና ያለ እሳቸው ፈቃድ አይነበብም። እዚህ ግን ያኔ ማንም አያውቃቸውም ነበር።

ያን ቀን እትዬ ብርቄ ዳቦ ዘረጉላቸው።

“ይውሰዱ እንጂ። ለንደን የገባ ሁሉ ዳየት ላይ ነኝ እያለ አስቸገረኝ።”

አባባ ፈገግ ብለው ተቀበሉ።

“የልጄ መታሰቢያ ነው። ከምርጫው በኋላ በጥይት መቱብኝ። በቴሌቪዥን ደግሞ ቦዘኔ አሉት። ልጄ እኮ ተማሪ ነበር።”

“ነፍስ ይማር” አሉ አባባ። ዳቦውን ግን አልቀመሱም፤ አውቶቡስ ከገባን በኋላም በመዳፋቸው እንደያዙት ነበር።

“ቃሉን እኔ አልጻፍኩትም” አሉኝ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ። “ይለፍ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።”

ይህንን ለእትዬ ብርቄ ሳይነግሩ አምና አረፉ።

ዛሬ እትዬ ብርቄ ቁራሼን ሰጥተውኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

“የአባትሽን የክርስትና ስም ንገሪኝ፤ ከልጄ ጋር በጸሎት ላስጠራቸው። ደግ ሰው ነበሩ።”

ሌላም የምነግራቸው ነበረኝ። “ወልደ ሚካኤል” ብቻ አልኳቸው። እሳቸውም እንዳይረሱት ስሙን ደጋግመው እየጠሩ ወደ ቄሱ ሄዱ።