ክር የሚፈተንበት ጋቢ

ባለቤቴ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ሽሮ ሜዳ የጥለት ክር እያቀለሙ ይሸጡ ነበር። ገዢ ፊት ክሩን በውሃ አርሰው የለበሱት ነጭ ጋቢ ላይ ያሹታል፤ ቀለሙ ከለቀቀ አይሸጡም።

አንድ ቀን አንዲት እናት ለልጃቸው የሰርግ ቀሚስ ቀይ ክር መረጡ። ሲታሽ ጋቢው ቀላ።

«ግድ የለም፣ ይስጡኝ፤ ሰርጉ ደርሷል» አሉ።

«ዝናብ ቢጥልስ፣ እመቤቴ? ሙሽራችን በግ ያረደች ትምሰል?»

ሴትዮዋ ሳቁ፤ ባለቤቴም ዕለቱን ደግመው አቅልመው ሰጧቸው።

ጋቢውን የማጥበው እኔ ነኝና «ምነው በቁራጭ ጨርቅ ቢሞክሩት?» እላቸው ነበር።

«የራሴ ካልተበላሸ መቼ እጠነቀቃለሁ!» ብለው ይስቃሉ።

እግዜር ነፍሳቸውን ይማር። ከአርባቸው ወዲህ ልብስ ሳጥብ ውሃው ሳይቀላ እደፋዋለሁ። ንጹሕ ውሃ እንዲህ እንደሚያስለቅስ አላውቅም ነበር።