ጮኾ የወጣው ምርቃት

ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ውስጥ ትንሽ የኤዲቲንግ ቤት ነበረችኝ። ከሥራዎቼ ሁሉ የምመካበት ድምፅ ማመጣጠን ነበር። የሠርግ ቪዲዮ ይመጣልኛል፤ ዘፈኑ ጣራ ይነቅላል፣ የሽማግሌው ንግግር ግን ከጉንዳን ኮቴ ያንሳል። ትልቁን ዝቅ፣ ትንሹን ከፍ አድርጌ እኩል አሰማቸዋለሁ። «ወንዞቹን ብታመጡልኝ ነጩን ዓባይ ከጥቁሩ እኩል አስጮኸዋለሁ» እያልኩ እፎክር ነበር። ውሸት አይደለም፤ ትንሽ ጨምሬበት ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ጀሪፍ ሰፈር የሚኖር ግንበኛ ደንበኛዬ መጣ። የሠርጉን ቪዲዮ የሠራሁለት እኔ ነኝ፤ ሳንቀላለድ ተገናኝተን አናውቅም።

«ምነው፣ ሚስትህ አባረረችህ?» አልኩት።

«አማቴ አረፉ፣ ጋሼ።»

ምላሴን የት ልደብቃት።

ሚስቱ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት። በወጋችን ደግሞ ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። ችግሩ ሌላ ነበር፤ ሟች እናቷ አገር ቤት፣ ኔትዎርክ የማይደርስበት መንደር ነበር የሚኖሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ብቻ ለልጃቸው ቮይስ ይልኩላታል። ሁለት ቅዳሜ ሲያልፍ ልጅቱ ወሬ ጠፋብኝ ማለት ጀመረች። ባል የፊት የፊቱን አሰበ። እናትየው ጎንደር ላለችው ታላቅ እህቷ ድሮ የላኩትን ቮይስ ሰብስቦ በሚሞሪ ይዞልኝ መጣ።

«ከዚህ ከዚህ ቆርጠህ አዲስ አስመስልልኝ። እስክትወልድ ብቻ። ኢንሻላህ አራት ቅዳሜ ቢሆን ነው።»

እኔም እሺ አልኩ። አንዱ ቮይስ ፍየል በሚጮህበት ገበያ፣ አንዱ ዝናብ ውስጥ የተቀዳ ነው። እናትየው ሲጀምሩ ያለ ስልክ ጎንደር ሊያሰሙ የፈለጉ ይመስል ይጮኻሉ። እየቆዩ ዝቅ ይላሉ። መጨረሻ ላይ ሲመርቁ ድምፃቸው ትንፋሽ ብቻ ይሆናል። ክንዳቸው እየደከመ ስልኩ ሲወርድ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ጥፋት ካየሁ ደግሞ እጄን ይበላኛል። ፍየሉን አጠፋሁ፣ ዝናቡን አባራሁ፣ ድምፁን ከዳር እስከ ዳር እኩል አደረግሁት። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የሚለውን፣ ያኔ ለነፍሰ ጡሯ ታላቅ እህት የተባለውን ምርቃት፣ እንደ ደብር ድምፅ ማጉያ አስጮኽኩት። ከዚያ የተሻለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ነበር።

በሳምንቱ ባልየውን «እንዴት ሆነ?» አልኩት።

«ሰማችው፣ ዝም አለች። ደስ ብሏት መሰለኝ።»

አራት ቅዳሜ፣ አራት ቮይስ ሠራሁ። ሴት ልጅ ወለደች። ሰውነቷ ሲጠና አንድ ማለዳ ተሰብስበን ሄደን መርዶዋን ነገርናት። ብዙ አለቀሰች፤ ግን አልደነገጠችም። «ጠንካራ ናት» ተባለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሕፃኗን አዝላ ሱቄ ገባች።

«ጋሼ፣ ያ ሥራ ያንተ ነው አይደል?»

«ካማረ የእኔ፣ ከተበላሸ የጎረቤቴ ነው።»

ለወጉ ያህል ፈገግ አለች። «እኔ እኮ ከመጀመሪያው ቅዳሜ ነው ያወቅሁት።»

ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። «በምን?»

«እናቴ የምትጮኸው ሰላምታ ላይ ነው። ምርቃት ላይ ስትደርስ ድምጿን ታወርዳለች። ‹ምርቃት ለእግዜርና ለተመራቂው ነው፣ ጎረቤት ምን አገባው› ትል ነበር። አንተ ያመጣሃት እናቴ ግን ስትመርቀኝ ጮኸችብኝ። በሕይወት ብትኖር እንደዚህ አትጮህም አልኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ባሌ ሆዴን እያየ ምግብ አልበላለት ብሎ ነበር። ደግሞስ…» የልጇን እግር በእጇ ያዘች። «ማወቄን ብነግራችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ መላክ ታቆማላችሁ።»

ወደ ኮምፒውተሬ ዞርኩ።

«ያልነካኸው ቮይስ አለ?» አለችኝ።

ነበረኝ። ከፈትኩላት። ፍየሉ ጮኸ፣ እናትየው ጮኹ፣ ስለ ገብስ አወሩ፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩ፣ ድምፃቸው እየወረደ ሄደ። ምርቃቱ ጋ ሲደርሱ እጄ በልማዱ ወደ ቮሊዩሙ ተዘረጋ። ያዘችኝ።

«ማዕሌሽ ጋሼ፣ ግድ የለም፣ ተወው።»

ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ስፒከሩ አስጠጋች። ልክ በዚያች ቅጽበት ረክሻ የምንለው ባጃጅ በበሩ አለፈና ምርቃቱን ዋጠው።

«ከመጀመሪያው» አለች።

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁ። በዚያ ሁሉ የካርቱም ሙቀት ማራገቢያውንም አጠፋሁት።